ባለ ስድስት እጅጌው ጋቢ

በሐርማት መንግሥት፣ ንግሥቲቱ በዓመት አንድ ጊዜ ከሰገነቷ ሆና ሕዝቧን በምትባርክበት በዓል፣ ፀሐይ ገና ከተራሮቹ ጀርባ ብቅ እንዳለች፣ አደባባዩን የሞላው ሰው ሁሉ ጥለቱ ጠፋበት። አልተቀደደም፤ አልተቃጠለም፤ ጠፋ። ከነጠላው ጠርዝ ቀዩ፣ ከኩታው ወርቃማው፣ ከሙሽሮቹ ሸማ አረንጓዴውና ሰማያዊው፣ ዓይን እያየው ፈዞ ፈዞ ነጭ ሆነ። ሴቶቹ የሸማቸውን ጠርዝ እያነሡ ተያዩ። ወንዶቹ ምንም እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ከግምጃ ቤቱ በኩል ጩኸት ተሰማ።

«እናት ሸማ ተሰረቀች! አገር ሆይ፣ እናት ሸማ የለችም!»

የሐርማት ሸማኔ አዲስ ጥለት ባወጣ ቁጥር ወደ ግምጃ ቤት ይሄድና ያንኑ ጥለት ከእናት ሸማ ጫፍ ላይ ደግሞ ይሸምነዋል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ጥለቱ የአገሩ ሸማኔ ሁሉ ይሆናል፤ ማንም ሳያስተምረው እጅ በራሱ ያውቀዋል። እንግዲህ እናት ሸማ ስትሄድ የእጅ ዕውቀቱም ተከትሏት መሄድ ጀመረ። ከጥለቱም ጋር ጥለቱን የተሸከመው ትዝታ ሄደ። የሙሽራ ጥለት የጠፋበት ሸማኔ የሠርጉን ቀን ረሳ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለችው ባንናገር ይሻላል።

የግምጃ ቤቱ ዘብ ባርሳም፣ የሚጠብቀውን በር የሚያክል ግዙፍ ሰው፣ በንግሥት ዮዳሂ ፊት ተንበርክኮ ጦሩን ወደ ሰማይ አነሣ።

«ግርማዊት ሆይ፣ ሌባውን በዓይኔ አይቼዋለሁ! ክንፍ አለው፤ ላባ ግን የለውም። አራት እግር አለው፤ ጠጉር ግን የለውም። የራቁት ተራራው አጋምዝ ነው! በዚህች ጦር እምላለሁ፤ ራሱን ቆርጬ ሸማችንን ካልመለስኩ፣ ጥለት ያለው ልብስ ትከሻዬ ላይ አይረፍ!»

በአገሩ ጥለት ያለው ልብስ ስላልቀረ መሐላው ለጊዜው ብዙ አያስቸግርም ነበር። ሕዝቡ ግን አለቀሰ።

የሸማኔዎች ሸንጎ አለቃም ራሱን እየነቀነቀ፣ «ውለታ ቢስ አውሬ!» አለ። «አባቶቻችን በየዘመኑ ምርጥ ሸማ ሲልኩለት ኖረዋል። አንዱንም ሳይለብስ ገደል ከተተው።»

ይህን ሁሉ ከአደባባዩ ጥግ የምትሰማ ሲዳሪት የምትባል አንዲት ወጣት ነበረች። ሲዳሪት መቀስ አላት። በሌላ አገር ይህ ወሬ አይሆንም፤ በሐርማት ግን ከአባቶች የወረደ ሕግ አለ፦ «ብረት ድርን አይንካ።» ሸማ ከሸማኔው ጉድጓድ እንደወጣ ይጣፋል፣ ይደረባል፣ ይታጠቃል እንጂ አይቆረጥም። እሷ ግን ትቆርጣለች። ከነጠላ ጃኬት ታወጣለች፤ ከኩታ ባለ ኪስ ቀሚስ፤ ጥለቱን ከጠርዝ አንሥታ ትከሻ ላይ ወይም ጀርባ ላይ ታሳርፈዋለች። የከተማው ወጣት በአደባባይ ሲያማት ይውልና በጓሮ በር ገብቶ ልክ ያስወስዳል።

ያሳደጋት አያቷ ጎሽመር ነው፤ ወላጆቿን ጎርፍ ከወሰደባት ጊዜ ጀምሮ። በሐርማት ከእሱ የሚበልጥ ሸማኔ አልነበረም። በመቀሷ ምክንያት አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ አንድም ቀን ግን አላመሰገናትም። የሰፋችውን ስታሳየው ጨርቁን በጣቱ ይዳስስና «ድሩ ጥሩ ነው» ይላታል። ድሩን የሠራው እሱ ነዋ!

ብዙ ጥለት የሚያውቅ ሰው ብዙ ይረሳልና ከሁሉ የባሰው በጎሽመር ላይ ነበር። አንድ ማለዳ ሲዳሪት ስትገባ አያቷ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን በእጁ ይዞ እንደ እንግዳ ዕቃ ሲያገላብጠው አገኘችው። ቀና ብሎ አያት። ፈገግ አለ፤ ፈገግታው የድሮው ነበር።

«ደህና አደርሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለ። ከዚያ አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ስምሽን ማን ልበል?»

ሲዳሪት ጉልበቱን አቅፋ አለቀሰች፤ እሱም ለምን እንደምታለቅስ ሳያውቅ ፀጉሯን ዳበሰላት። ከዚያ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች።

«ግርማዊት ሆይ፣ ከባርሳም ጋር ልሂድ» አለች። «እሱ አውሬውን ያውቃል፤ እኔ ጨርቅ አውቃለሁ። እናት ሸማ ብትቀደድ ወይም ብትተረተር የሚይዛት እጅ ያስፈልጋል።»

የሸንጎው አለቃ ብድግ አለ። «ይህች መቀሳም እናት ሸማን ልትነካ? አይደረግም!»

ንግሥት ዮዳሂ ወጣት ነበረች። በካባዋ ሥር የለበሰችው ባለ እጅጌ ሸሚዝ የሲዳሪት ሥራ መሆኑን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ካባዋን ሰብሰብ አደረገችና «ትሂድ» አለች። «መንገዱ ያቅናችሁ። እኛም እስክትመለሱ ነጭ ለብሰን እንጠብቃለን።»

ስትነሣ ጎሽመር ከሣጥኑ ግርጌ አንድ ጋቢ አውጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ጠርዙ ላይ አንዲት ጥለት ነበረች፤ እንደ ሕፃን ዓይን ክብ፣ ዙሪያዋን ወርቃማ። የሌላው ሰው ጥለት ሁሉ ሲጠፋ እሷ አልጠፋችም። ሲዳሪት ምክንያቱን ታውቃለች። አያቷ ወደ ቤቱ ያመጣት ዕለት የሠራት ናት፤ «የሲዳሪት ዓይን» ብሎ ስም ያወጣላት። በዕድሜው ካወጣቸው ጥለቶች እናት ሸማ ላይ ያልሠራት እሷን ብቻ ነው። ሰስቶ ነው፤ የአገር ሁሉ እንድትሆን አልፈለገም።

«ይህችን ማን እንደሠራት አላውቅም» አለ አያቷ። «እኔ እንዳልሆንኩ ግን እጄ ይነግረኛል፤ ብሞክር አልችላትም። ሌላ ቦታ አይቻት አላውቅምና አደራ፣ እንዳትጠፋ።»

«እሺ አባባ» አለች።

ሁለቱ መንገደኞች ዳንቴል የምትባል በቅሎ ስንቅ አስጭነው ወጡ። ዳንቴል ስሟ ቀጭን ይሁን እንጂ አመሏ ወፍራም ነው፤ ባርሳምን ነክሳ ጉዞውን መረቀች። ሜዳውን አልፈው፣ ወንዙን ተሻግረው የሸረሪቶች ሸለቆ ደረሱ። እዚያ ድሩ ከገደል ገደል ተወጥሮ መንገዱን ዘግቶታል። ባርሳም «ዘወር በይ!» ብሎ በጦሩ ገባበት። በተወራጨ ቁጥር ድሩ እየጠመጠመው ከወገቡ በላይ ልቃቂት ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ ባርሳም፣ እባክህ አትንቀሳቀስ!»

«አልተያዝኩም! ስልት ነው!» አለ ከውስጥ።

ሲዳሪት ሳቋን ዋጥ አድርጋ የክሩን ጫፍ ፈለገች። ጫፉ ተገኘ። በመዳፏ ላይ እየጠመጠመች ቀስ ብላ ተረተረችው። ክሩ እንደ ምላጭ ስለሆነ ጣቶቿ ደሙ፤ አልተወችውም። ሲጨልም ባርሳም ነፃ ወጣ፤ መንገዱም ተከፈተ። በእጇ የቀረውንም ክር ልቃቂት አድርጋ ከመርፌዋ ጋር ቋጠረችው፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ክር አይጣልም።

ራቁት ተራራ ሣር አይበቅልበትም። ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ አያርፍም። ወደ ዋሻው በሚያወጣው ገደል ሥር ሲደርሱ ሲዳሪት ቆመች። ገደሉ ሥር ሸማ ተከምሯል፤ የአባቶች ዘመን ኩታ፣ ቡልኮ፣ ነጠላ፤ ዝናብ ያበሰበሰው፣ ፀሐይ ያነጣው። አንዱን አንሥታ አየችው። ጥርስ አልነካውም፤ ጥፍር አልቀደደውም። ጠርዙ ላይ ብቻ የምራቅ እድፍ ነበረበት። አንድ ፍጡር በአፉ ነክሶ ይዞት፣ ይዞት፣ በመጨረሻ አምልጦታል።

«ጋሼ ባርሳም፣ ይህ ሁሉ አልተጣለም» አለች። «ነፋስ ወስዶበት ነው።»

«ምን ለውጥ አለው?» አለና ባርሳም ጦሩን አስተካክሎ ቀደማት።

አጋምዝ ዋሻው ውስጥ ተጣጥፎ ተኝቶ ነበር። የሁለት በሬ ያህል ቁመና አለው፤ ቆዳው እንደ ተላጠ ድንች ገላጣ ነው። እናት ሸማን ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ ጠርዟን በጥርሱ ይዟል። ሲያያቸው «ሂዱ!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ሸማዋም ሸርተት ብላ ወደቀች። ደግሞ ነከሳት፤ ደግሞ ወደቀች። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነበር።

«ግደለኝ» አለ ባርሳምን አይቶ፣ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ በሚል ድምፅ። «ላባዬ ከረገፈ ዘመን አልፏል። የእናንተን ልብስ ስላማረኝ አይደለም የወሰድኩት፤ በርዶኝ ነው። ታናሹ ሸማ አልሸፈነኝም፤ ታላቂቱ ትሸፍነኝ ይሆናል ብዬ ነው። እናንተ በእጃችሁ ትጣፋላችሁ። እኔ እጅ የለኝም።»

ሲዳሪት የገደሉን ሥር ክምር አሰበች። ስንት ዘመን ሙሉ ሐርማት ምርጡን ሸማ እየላከች ውለታ ቢስ ስትለው ኖራለች! ልኩን የወሰደለት ግን አንድ ሰው አልነበረም፤ ሸማ ይቆረጣል ብሎ ማን አስቦ!

«ጦርህን አበድረኝ» አለች ባርሳምን።

«ለመግደል?»

«ለመለካት። ክንዴ አይበቃም።»

ባርሳም ጦሩን አየ፤ የሚንቀጠቀጠውን ፍጡር አየ፤ በሕዝብ ፊት የማለው መሐላ ትዝ አለው። «ስሜ ሊጠፋ ነው» አለና ጦሩን ሰጣት።

ለካችው። አራት እግር፣ ሁለት ክንፍ፣ ረጅም አንገት። እናት ሸማ አትቆረጥም። የገደሉ ሥር ሸማ በስብሷል። የዳንቴል ኮርቻ ልብስ ለአንድ እግር አይበቃም። ያላቸው ደህና ጨርቅ አንድ ብቻ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ቢፈታ ለዚህ ሰውነት ይበቃል፤ ከጠርዙ ጭምር፣ ምንም ሳይተርፍ።

ሲዳሪት ጋቢውን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ከቆረጠችው ያቺ ዓይን ተከፋፍላ በየእጅጌው ትበተናለች፤ ማንም መልሶ ሊያነባት አይችልም፤ እናት ሸማ ላይ ስለሌለች የአያቷ እጅም መቼም አያገኛትም። ካልቆረጠችው ደግሞ አጋምዝ እናት ሸማን አይለቅም፤ አያቷ ራሱ እንደ ጥለት ፈዞ ያልቃል። ጥለቷን ሳመቻት። «አባባ፣ አደራህን በላሁ» አለችና መቀሷን አነሣች።

ሁለቱም ተቀምጠው ሰፉ። አዎን፣ ባርሳምም! በሸረሪቱ ክር እየተሳደበ፣ ጣቱን እየወጋ፣ ጠርዝ ቀመቀመ፤ ስፌቱም ከጠበቀው በላይ ቀጥ ያለ ስለነበር ደጋግሞ አየው። ሲጨርሱ አጋምዝን አለበሱት። እግሮቹ በእጅጌው ገቡ፤ ክንፎቹም ገቡ፤ ደረቱ ላይ በማሰሪያ ተያዘ። ነፋሱ መጣ። ጋቢው አልወደቀም። አጋምዝ አንድ እግሩን አነሣ፤ ሌላውን አነሣ፤ ዘለለ። ጋቢው አብሮት ዘለለ። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ከትላልቅ ዓይኖቹም እንባ ወረደ።

«ለእኔ ተብሎ?» አለ። «በእኔ ልክ?»

«በአንተ ልክ» አለች ሲዳሪት።

እናት ሸማን በጥርሱ አንሥቶ እግሯ ሥር አኖረላት። በክንፉ ሊያደርሳቸውም ለመነ፤ ዳንቴል ግን ለመብረር ፈቃደኛ ስላልነበረች በእግር ተመለሱ።

እናት ሸማ ግምጃ ቤት በገባችበት ቅጽበት የአገሩ ጥለት ሁሉ እንደ አበባ ፈነዳ። ሲዳሪት እልልታውን አልጠበቀችም፤ ወደ ቤት ሮጠች። ጎሽመር ደጅ ላይ ቆሟል።

«ሲዳሪት! የት ከረምሽ? ምነው እንዲህ ከሳሽ?»

ስሟን በአፉ ስትሰማ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም አዲስ ጋቢ እሠራልሻለሁ ብሎ ጉድጓዱ ገባ። መወርወሪያው በረረ፤ እናት ሸማ ላይ የሠራው ጥለት ሁሉ ተመለሰለት። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ደጋግሞ ሞከረ።

«እዚህ ላይ አንዲት ነበረች» አለ። «ያንቺ ነበረች።»

ሲዳሪት ሁሉንም ነገረችው፤ መቁረጧን ሳትደብቅ። ሽማግሌው መወርወሪያውን አስቀምጦ እጆቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ እሷም ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

በማግሥቱ ሸንጎው ሲዳሪትን ሊከስ በአደባባይ ተሰበሰበ። ንግሥቲቱ ግን ካባዋን ከሕዝብ ፊት አውልቃ በባለ እጅጌ ሸሚዟ ቆመች፤ ባርሳምም ጥለት የሌለውን ቡልኮውን ገልብጦ ማታውን ራሱ የቀመቀመውን ጠርዝ ያሳይ ጀመር። የሸንጎው አለቃ ምን እንደሚል ገና ሲያስብ፣ ከላይ የክንፍ ድምፅ ተሰማ። አጋምዝ ነበር። ባለ ስድስት እጅጌ ጋቢውን ለብሶ ከከተማው በላይ ዝቅ ብሎ ዞረ። በየእጅጌው ላይ የተበተነችው ወርቃማ ዓይን ቁርጥራጭ በፀሐይ ታበራለች።

ጎሽመር እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አየ። የራሱን ድር ለየ። የማያውቀውን ጥለትም አየ። ሲዳሪት «ድሩ ጥሩ ነው» እስኪላት ጠበቀች።

ሽማግሌው እጇን ፈልጎ ያዘ።

«እጅጌው» አለ፣ «እንዴት ልክክ ብሎለታል፣ ልጄ!»