ከስብከቱ የወጣው ታሪክ

ሚጣ የመዝሙር መጽሐፎቹን ወንበሮቹ ላይ እየደረደረች ሳለ፣ አባቷ ባዶው ጸሎት ቤት ውስጥ ስለ እሷ መስበክ ጀመረ።

መጀመሪያ ልብ አላለችውም። መስበኪያው ጋ ቆሞ የዛሬውን ስብከት ሲለማመድ በግማሽ ጆሮ ነበር የምትሰማው። «ወደዚህ ሴሚናሪ ስንመጣ ልጄ ቤታችን ናፍቋት፣ በየጠዋቱ ልብሷን በሻንጣ አጭቃ የግቢው በር ላይ ትቀመጥ ነበር» ሲል ግን መጽሐፍ እንደያዘች ቀረች።

እውነቱን ነው፣ ተቀምጣለች። እናቷ ብትለምን፣ ዘበኛው ቢቀልድ ንቅንቅ አላለችም። አንድ ቀን አባቷ ትምህርቱን ትቶ መጣና ምንም ሳይናገር አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እስከ ምሳ ሰዓት አብረው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ሻንጣዋን አላነሳችም። ታሪኩ የሁለታቸው ብቻ ይመስላት ነበር።

«አባዬ፣ እሱን አውጣው» አለችው።

«የቱን?»

«የእኔን። ቀጮ ከሰማ አለቀልኝ።»

ቀጮ የወጥ ቤት ኃላፊዋ ልጅ ነው፤ በሉተራን ሴሚናሪው ግቢ ቅጽል ስም ያላወጣለት ሰው የለም። አንዴ ሚጣን ጭቃ አንሸራቷት ብትወድቅ፣ ጭቃውን ጠረገችው ብሎ ሙሉ ሴሚስተር «ግሬደር» ሲላት ከርሟል። አባቷ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ልጅን ማስፈቀድ የሚባል ነገር መኖሩን አስቦ የሚያውቅ አይመስልም። የግቢው አባቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ የሴሚናሪው ዲን ልጅ ጥርሷን ስትነቀል ማልቀሷን የማያውቅ ምእመን የለም።

«ይቅርታ የኔ ልጅ» አለና ገጹን በእስክሪብቶ ሰረዘው።

ደወሉ ተደውሎ ጸሎት ቤቱ ሞላ። ተማሪዎቹ ከነሚስቶቻቸው፣ ሕፃናቱም ታቅፈው መጡ። የኃጢአት ኑዛዜው በአንድ ድምፅ ተባለ፤ ተዘመረ። አባቷም ጥሩ ጀመረ። እግዚአብሔር ከሩቅ ሆኖ አይጣራም፣ ራሱ ይመጣል አለ። የተሰረዘው ገጽ ጋ ሲደርስ ግን ተንተባተበ፣ ውሃ ጠጣ፣ አንድ ሁለት ነገር ጨማምሮ ቶሎ አሜን አለ።

ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ሻይ ክፍል ይሰበሰባል። ልቡ የተነካውም፣ ያልገባውም፣ ሲያንጎላጅ የነበረውም ሳይቀር ስለ ስብከቱ አስተያየት ይሰጣል። ሰባኪው ግን መልስ መስጠት አይፈቀድለትም፤ ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ ነው። የዛሬው ደግሞ የመመረቂያ ስብከቱ ነበር። የስብከት መምህሩ ካላሳለፉት ጓደኞቹ ሲመረቁ እሱ አጨብጫቢ መሆኑ ነው።

ሚጣ ሻይ እየቀዳች ታዳምጣለች። አንዱ ተማሪ መጨረሻው ላይ ቸኮለ አለ። አንዲት እናት ደግሞ ልቧ ሊነካ ሲል እንደተቋረጠባት ተናገረች። በመጨረሻ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይመጣል አልከን፤ ሲመጣ ግን አላሳየኸንም» አሉ። «የተከፋ ሰው ጋ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ከራስህ ሕይወት የምትነግረን አንድ ታሪክ እንኳ አጣህ?»

አባቷ ሕጉን አክብሮ ብርጭቆውን አነሳ። ወደ እሷ ዞር እንኳ አላለም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ሚጣን አሳዘናት። ደግሞም በጣም ወደደችው፣ ከመቼውም ይበልጥ።

ቀጮ መስኮቱ ሥር ብስኩት ይበላል። አየችው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መምህር፣ ታሪክ ነበረው» አለች። «እኔ ነኝ አውጣው ያልኩት።»

አባቷ ብድግ አለ። «ተዪው ሚጣዬ፣ ግድ የለም።»

«አንተ መልስ መስጠት አይፈቀድልህም እኮ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ መምህሩም ሳቁ። አባቷ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተመልሶ ተቀመጠ። ሚጣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ፊቷ እየጋለ ነበር፤ እግሯም ወደ ወጥ ቤቱ በር ውሰጂኝ ውሰጂኝ ይላታል።

«ወደዚህ ስንመጣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር» አለች።

ቀጮ ማኘኩን አቆመ። እሷ ግን ቀጠለች።