የማለዳው ግማሽ ሰዓት

ሚስቱ «ለአለቆችህ ንገራቸው» ባለችው ቁጥር ገንዘብ አንሷት ይመስለው ነበር። ከስሕተቶቹ ሁሉ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ነው።

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ትልቅ የልብስ እጥበት ድርጅት ነበር፤ እሷ አንሶላ ተኳሽ፣ እሱ የማሽን ጠጋኝ። ባልደረቦቹ «ጆሮው» ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ መግቢያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ እየገባ፣ የካቻቪቴውን ጫፍ የየማሽኑ ዘንግ በሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ አቁሞ እጀታውን ከጆሮው ያጣብቃል፤ ብረት ከመሰበሩ በፊት ሲያቃስት ይሰማል፤ ያቃሰተውን ይቀይራል። ያዘዘው አልነበረም። አለቆች የሚገቡት ረፋድ ላይ ነውና ያየውም አልነበረም። ሚስቱ ንገራቸው ብላ ስትወተውተው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላታል።

«ጉርስም አይገባበትም፣ አንተ ሰው» ትለው ነበር እየሳቀች።

የደመወዝ ጭማሪው ዝርዝር ሲለጠፍ የረዳቱ፣ የዚያ «አፈ ቅቤው» የሚሉት፣ ስም ነበረበት፤ የእሱ አልነበረም። ታዲያ ምን አደረገ? አልጠየቀም፣ አልተጣላም... ከቤቱ በድሮው ሰዓት እየወጣ፣ ከድርጅቱ በር ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ደወሉ እስኪደወል መቀመጥ ጀመረ። ፈረቃዋ ዘግይቶ ስለሚጀምር ሚስቱ ይህን አላወቀችም።

በሃያ አንደኛው ቀን የመጭመቂያው ማሽን ኩሽኔታ ተሰበረ። ውሃ የጠጣ አንሶላ የተሸከመው በርሜል ከመቀመጫው ተፈናቅሎ፣ ጋሪ እየገፋች የምታልፈውን ሚስቱን ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። ያ ብረት ስንት ማለዳ አቃስቶ ይሆን? ማንስ ሰማው?

ሆስፒታል በገባች በሁለተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ፣ ልታጽናናው እጁን ፈለገች።

«አዳምጠኸው ነበር አይደል?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እንግዲያው ያንተ ጥፋት አይደለም።»

በማግስቱ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ብረት ባለበት ሁሉ አንድ ነገር ያቃስትበታል፤ የበሩ ማጠፊያ፣ የአልጋው ሽቦ፣ ሴት ልጁ የምትስበው የወንበር እግር... የሚያቃስተው ብረት ነው ወይስ ያ የሐሰት የራስ ንቅነቃ?

ከወር በኋላ ልጁን አስከትሎ የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳ። ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሃያውን ዓመትም፣ ሃያ አንዱንም ቀን፣ ለሟቿ የዋሻትንም አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ካቻቪቴውን አንስቶ አገላበጠው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ? ለምን አልነገርከንም?»

«እማዬም እኮ ይህንኑ ነበር የምትለው» አለች ልጁ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አባዬ ቢታመም፣ ቢደክመው፣ ማን ያዳምጣል ትል ነበር።»

ለካ ያስጨነቃት ገንዘብ አልነበረም! ዕጣ ጨካኝ ነው ይባላል፤ ግን ዕጣስ ቢሆን ከመውደቁ በፊት ስንት ማለዳ ያቃስታል?

ያን ዕለት የማለዳው ማዳመጥ በሥራ ዝርዝር ላይ ተጻፈ። በማግስቱ አፈ ቅቤው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጣ፤ «ጆሮው»ም ካቻቪቴውን አስያዘው።