ከግራ ሁለተኛው ጭስ ማውጫ

አባቴን ዊልፍን ሐሙስ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት። ከጋዝ ማሞቂያው ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጉንጩ ቀልቷል፣ ሻዩ ላይ ስልባቦት ሠርቷል። ማሞቂያው ገና ይነድ ነበር። ሐኪሙ ቤት ውስጥ የታመቀው የማሞቂያው ጭስ ነው የመረዘው አለ።

መርማሪዋ ወይዘሪት ቶርንበር በማግስቱ መጣች። አጭር ሴት ናት፤ ጭቃ የነካ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ገባች። ያን ጊዜ መንደራችን ቶድሞርደን ገዳዩን ለይቶ ጨርሷል፤ በጥቅምት ማሞቂያውን የፈተሸው ክላይቭ ነው ተብሏል። ጥፋተኛ ከሆነ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ወህኒም ይወርዳል።

«ለአቶ ዊልፍ ጭስ ማውጫው አርጅቷል ብያቸው ነበር» አለ ክላይቭ፣ ማሞቂያው አጠገብ ቆሞ። «ጡቡ ውሃ ይጠጣል። ወይ ውስጡን የብረት ቱቦ እናልብሰው፣ ወይ ጭሱን በማራገቢያ በግድግዳ እናስወጣው፣ ወይም ፊቱ በመስታወት የታሸገ፣ አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚተፋ ማሞቂያ እንትከል አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«የታሸገውን ወደዱት። ኖርማን ነው እምቢ ያለው።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ቧንቧው በመንገዱ በኩል ሊወጣ ነዋ!» አልኳት። «ሰው ምን ይላል?»

«በጥቅምት ጭስ ማውጫው ጭሱን ይስብ ነበር?» ክላይቭን ጠየቀችው።

«ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ይስብ ነበር።»

ጭስ ማውጫው ሥር የመፈተሻ ጭስ ለኮሰች። ጭሱ ወደ ላይ ሊወጣ ሞክሮ ተመለሰና ፊታችን ላይ ተበተነ።

ከዚያ ጎረቤታችን ወይዘሮ ኢኒድ ዘንድ ሄድን።

«ምስክርነት ነው ወይስ ሐሜት የምትፈልጊው ልጄ? ሁለቱም አለኝ።»

«በቅርቡ ቤትዎ ላይ የተለወጠ ነገር አለ?»

«ይኸው ኖርማን በጥር ጣሪያ ሠሪ አምጥቶ ጭስ ማውጫዬን አስከደነልኝ፤ ቁራ እንዳይገባ። ቁራው መቼ ቀረና! ዛሬም ጎህ ሲቀድ ምድጃዬ ላይ ጭራሮ ያራግፍብኛል።»

ወይዘሪት ቶርንበር መጻፏን አቆመች።

የቀብሩ ዕለት ሁላችንም አባዬ ሳሎን ተሰበሰብን። የካም ሳንድዊች ዞረ፣ ሻይ ተቀዳ። ለክላይቭ ግን ማንም አልቀዳለትም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ማሞቂያው ጤነኛ ነው» አለች መርማሪዋ። «ጭስ ማውጫው እስከ ጥቅምት ይስብ ነበር። በጥር ክዳን ተገጠመ። ወይዘሮ ኢኒድ ቤት ግን ቁራ አሁንም ይገባል። በተከደነ ቀዳዳ ደግሞ ቁራ አይገባም። ስለዚህ ክዳኑ የተገጠመው ሌላ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ወጥቼ አየሁት፤ ያለው የአቶ ዊልፍ ላይ ነው።»

«ያ ደንቆሮ ጣሪያ ሠሪ!» አሉ ወይዘሮ ኢኒድ።

«እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የሁለቱ ቤቶች የጋራ ጣሪያ ላይ አራት ጭስ ማውጫዎች ተደርድረዋል። ከግራ ሁለተኛውን ክደን ተባለ፤ በመንገዱ በኩል ወጥቶ ከግራ ሁለተኛውን ከደነ። ያዘዘውስ የት ቆሞ ነበር?»

«ጓሮ» አልኩ። «ከዚያ ሲታይ ግራና ቀኙ ይገለበጣል።»

ክላይቭ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ፣ ስህተት ነው እኮ። ኖርማን በምን ሊያውቅ ይችል ነበር?»

መውጫ ሰጠኝ። መንደሩ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ያለው ሰው።

«አውቄ ነበር» አልኩ። «አባዬ ከመሞቱ በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ወይዘሮ ኢኒድ ቁራዎቹ አልሄዱም ሲሉኝ ወደ መንገድ ወጥቼ ቆጠርኩ። ገባኝ። መሳቂያ እንዳልሆን ብዬ፣ ቅዳሜ ሰው ገበያ ሲወጣ ክዳኑን በዝምታ ላስነሳው አሰብኩ።»

«አባትህንስ ማሞቂያውን አጥፉ አላልካቸውም?»

«ለምን ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።»

ወይዘሮ ኢኒድ ተነሱ፤ ሻይ ቀዱ፣ ወተት ጨመሩ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም። ሲኒውን ለክላይቭ ሰጡት።