ግራ ከሆነ አንዴ፣ ቀኝ ከሆነ ሁለቴ

መካኒኩ አየነው ከመኪናዋ ፊት ቆሞ እጁን በአየር ላይ አዞረ። መሪውን ጥምዝዝ አድርገው የጋራዡን ግቢ ይዙሩ ማለቱ ነው። ሹፌሩ ደረሰ፣ የፀደይ አባት፣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ወዲያው ድምፁ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

አየነው በሹፌሩ መስኮት ጎንበስ አለ። «ከየት በኩል ሰሙት ጋሼ?»

ደረሰ አልቸኮለም። ዓይኑን ወርወር አድርጎ ከጎኑ የተቀመጠችውን የፀደይን ጉልበት አየ። እሷም ጉልበቷን በጣቷ አንዴ ነካ አደረገች።

«ከግራ» አለ።

«ይመችዎት ጋሼ፤ ጆሮ ማለት እንዲህ ነው።»

ግራ ከሆነ አንዴ፣ ቀኝ ከሆነ ሁለቴ። ምንም ከሌለ ዝም። ይህን ምልክት የፈጠሩት አምና ክረምት አባቷን ጆሮውን ካመመው በኋላ ነው። ሕመሙ ተሻለው፤ መስማቱ ግን አልተመለሰም። ፊት ለፊት የሚያናግረውን ሰው ከንፈር እያየ ስለሚመልስ ማንም አልነቃበትም። «ለእናትሽም እንዳትነግሪ» አላት። «ደንቆሮ የሚነዳው መኪና ላይ ማን ይሳፈራል?» ከእንጅባራ ዳንግላ ሰው እያመላለሰ ነው ያሳደጋት። ምን ትበል? እሺ አለች።

ቅዳሜና እሁድ ከጎኑ ትቀመጣለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን አባቷ ያለ ጆሮ ይነዳል። ያለፈው ቅዳሜ ዳንግላ መግቢያ ላይ አንድ አይሱዙ ከኋላቸው ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ፣ እሱ ወደ ግራ ሊታጠፍ ነበር። ክንዱን ጎትታ አስቀረችው። የኋላው ወንበር ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆንስ ኖሮ? ሳምንቱን ሙሉ ይኼው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳት።

አየነው የግራውን ጎማ መገጣጠሚያ ቀየረና እንደገና አስዞራቸው። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ምንም የለም። ወደ ግራ ሲዞሩ ግን ያው ድምፅ ከቀኙ ጎማ መጣ፤ እንዲያውም ብሶበታል።

መካኒኩ ተመልሶ መጣ። «አሁንስ?»

አባቷ ጉልበቷን አየ። ሁለቴ ነካ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል። ፀደይ ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከትታ ተቀመጠችባቸው።

«ጠፍቷል። እግዜር ይስጥልኝ» አለ ደረሰ ፈገግ ብሎ።

አየነው ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። የደረሰን ፊት አየ፤ ቀጥሎ የፀደይን አየና ሳቁን ዋጠ። ያኔ አባቷም ነገሩ ገባው።

«ጣትሽስ?» አላት ቀስ ብሎ።

ልቧ ስብር አለ። ከንፈሯን እንዲያይ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። «ሰኞ እኮ እኔ የለሁም፣ አባዬ።»

አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ እንባው በጉንጩ ወረደ።

ፀደይ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ በአባቷ ፊት አሳልፋ ለአየነው ሰጠችው። «ጋሼ አየነው፣ እርስዎ ጋ ይቆይ» አለች።

ወደ ቤት በእግራቸው ሲመለሱ አባቷን ወደ ዳር አድርጋ፣ እሷ መኪና በሚያልፍበት በአስፋልቱ በኩል ሆና ሄደች።