የታጠበው ቡሃቃ

ራውሃ ሂየታላ ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባዋ ተዘርግታ ተገኘች። አንደኛው ነጠላ ጫማዋ ከላይኛው እርከን ላይ ቀርቷል። ቅዳሜ ጠዋት ያገኛት ጎረቤቷ ኦስሞ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። እሱ፣ ራውሃና ታናሽ እህቷ ኢልሚ በየቅዳሜው በራውሃ ትልቅ ምድጃ ጥቁር ዳቦ አብረው ይጋግሩ ነበር። ለገበያ አይደለም፤ ለፍቅሩ ነው።

«አሮጊት ናት፣ ገና ከሕመም መነሳቷ ነው። አዳልጧት ይሆናላ» አለ ሐኪሙ።

መርማሪ ሄልካ ሩስካነን ወደ ኦስሞ ዞረች።

«የምድር ቤቱን በር ሲከፍቱ መብራቱ በርቶ ነበር?»

«ኧረ ጨለማ ነው። እኔ ነኝ ያበራሁት።»

«ዝግ ነበር ማለት ነው በሩ?»

«ጥርቅም ብሎ።»

ማብሪያው ከበሩ ውጪ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ነው። ሄልካ አንዴ አየት አድርጋው ወደ ማድ ቤት ገባች።

የእንጨቱ ቡሃቃ አግዳሚው ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ዳቦ የሚወድ ፊንላንዳዊ ቡሃቃውን አያጥብም፤ ጎኑ ላይ የሚደርቀው ሊጥ ነው የሚቀጥለውን ዳቦ የሚያቦካው። ይሄኛውን የእህትማማቾቹ እናት በጦርነቱ ከምሥራቁ ድንበር ከካሬሊያ ስትሰደድ ላሟን ትታ እሱን ታቅፋ ነው ያመጣችው። ሄልካ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ቡሃቃው እስኪነጣ ተፈግፍጎ ታጥቧል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ሳሙና ሳሙና አይልም። ጨርቁን መልሳ ማድ ቤቱን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ያየችውን ለማንም አልተነፈሰችም።

የራውሃ ልጅ ታውኖ ከከተማ ሲደርስ እያለቀሰም እየተቆጣም ነበር።

«ቤቱን ሽጪና አጠገቤ ነይ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! ለዚያ ለሚሸት እንጨት ብላ እምቢ አለችኝ። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ የምትጨነቀው ለልጅ ልጆቿ አይደለም፣ ለእርሾዋ ነው።»

«አጥበውት ያውቃሉ?»

«ልጅ ሆኜ በሳሙና ላጸዳላት ብዬ በጥፊ አጩላኛለች። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

ሄልካ በልቧ ገዳዩ ታውኖ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አለች። ቀጥላ የምትሄድበትን የኢልሚን ቤት አልወደደችውም።

ኢልሚ ዓይኗ ደርቆ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀበለቻት።

«እህትዎን መቼ ነው ያዩዋት?»

«ሆስፒታል ሳትገባ። ከወጣች ወዲህ ደጃፏን አልረገጥኩም።»

«ተቀያይማችሁ ነበር?»

«ዕድሜያችንን ሙሉ! እማዬ ቡሃቃውን ለታላቋ ሰጠች፣ ይሁን። ግን አንድ ጭብጥ እርሾ ለእህት ይነፈጋል? ‹ላንቺ ብሰጥሽ ታበላሺዋለሽ› ትለኛለች። የእናቴን ዳቦ ለመጋገር እንደ እንግዳ በሯን አንኳኳለሁ።»

«አሁን እንግዲህ ቡሃቃው የእርስዎ ነው።»

ኢልሚ ከት ብላ ሳቀች። «ምን ሊረባኝ? ባዶ እንጨት! ታውኖ አበባ ይትከልበት።»

ሄልካ አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ኦስሞ ቤት ጎራ ብላ ብዙ ቆየች። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በራውሃ ማድ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ያዳለጠው ሰው መብራት አጥፍቶ፣ በር ዘግቶ አይወድቅም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ። ቁስሏ ደግሞ ከጭንቅላቷ በስተኋላ ነው፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ሰው እያናገረች ነው የተገፋችው።»

ጨርቁን ከቡሃቃው ላይ አነሳች።

«ማነው ያጠበው?» አለ ታውኖ ደንግጦ። ኢልሚ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

«እርስዎ ቢሆኑ፣ አቶ ታውኖ፣ ሳሙና ይጠቀሙ ነበር። ያጠበው ሰው በውሃ ብቻ ፈግፍጎ፣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ከምድጃው አርቆ አድርቆታል። ራሷ ራውሃ ናት። ኦስሞ ነግራው ስለነበር ያውቃል፤ ሲጠየቅም አልደበቀም። እርስዎ ግን፣ ወይዘሮ ኢልሚ፣ ደጃፏን ካልረገጡ ቡሃቃው ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?»

ኢልሚ ሻሿን ፈታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ትናንት ማታ ሾርባ ይዤላት መጣሁ» አለች። «ጨርቁን ብገልጥ ታጥቧል። ለእኔ ከሚደርሰኝ ብላ ደፋችው አልኩ። ዱቄት ልታመጣ ምድር ቤት ልትወርድ ነበር። ‹የእማዬን እርሾ ገደልሽው!› ብዬ ጮህኩባት። ዞር ብላ ‹ስሚኝ እስቲ ኢልሚ› አለችኝ። ገፋኋት።»

«መብራቱንስ?»

«እኔ እንጃ። ስወጣ ሁሌም አጠፋለሁ።»

ኦስሞ ከጃኬቱ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ።

«ሆስፒታል ሳለች እርሾው ሻግቶ ጠበቃት፤ የማይድን ቀይ ሻጋታ። እያለቀሰች ነው ያጠበችው። ድሮ ለእኔ ቆንጥራ ሰጥታኝ ነበር፤ ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኝ። ‹ቅዳሜ ይዘህልኝ ና፣ ቡሃቃው ላይ እንመልሰውና ለኢልሚ ልስጣት፣ እኔ ደክሜያለሁ› አለችኝ።»

«ለጎረቤት ሰጥታ ለእኔ ከለከለች?»

«አዎ።»

«ኋላ ደግሞ... ልትሰጠኝ ነበር?»

«አዎ፣ ኢልሚ።»

ታውኖ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ኢልሚ ወደ ብልቃጡ ጠጋ አለች።

«ክፈተው» አለችው።

ኦስሞ ከፈተው። አፍንጫዋን አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱ ነው» አለች፤ «የእማዬ ነው።» ልትቀበለው ሁለት እጇን ዘረጋች።

ኦስሞ ክዳኑን ገጥሞ ብልቃጡን ኪሱ ከተተው። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። ሄልካ የኢልሚን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ በተዘረጉት እጆቿ አስገብታ አለበሰቻት።