ያልተነበበው ወረቀት

«ርብቃ! ወንድምሽ ሰው ሊገድል ነው! ተው በዪው!»

የወንድምየው ጎረቤት ሸዋነሽ ከአገር ቤት በቪዲዮ ደውላ፣ ስልኩን ወደ ማሳው አዙራ ትጮኻለች። ኩዌት፣ ማህቡላ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሩሀማና እናቷ ርብቃ በስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አጎት አንዳርጌ ሽመሉን አንስቶ አወረደው። መሬት የተደፋው ሰው በክንዱ ቢከልልም ሁለተኛው ምት ክንዱን፣ ሦስተኛው ግንባሩን አገኘው። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

ሩሀማ ለየችው። በሞተር ሳይክል ማሳ ለማሳ እየዞረ ገበሬውን የሚመክረው የግብርና ባለሙያ፣ ሚልኪያስ ነው። ከኋላው ቲማቲሙ በሙሉ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ በቁሙ ደርቋል።

«ስንት መድኃኒት እንደሚቀየጥ ጽፌ ሰጥቼሃለሁ!» አለ ሚልኪያስ ደም እየተፋ። «ወረቀቱን አምጣና ይነበብ!»

«ወረቀትህን እሳት በልቶታል! ልጄ አንብባልኛለች፤ እንዳለችኝ ነው የረጨሁት!»

ጎረቤቶች ደርሰው አንዳርጌን ያዙት። ሚልኪያስን ግን ማንም አላነሳውም። «ነገ ደግሞ የእኛን ያቃጥላል!» አለ አንዱና ድንጋይ አነሳ። መስመሩ ተቋረጠ።

አንዳርጌ «ልጄ» ያላት ሩሀማን ነው። እስከ አሥራ ሦስት ዓመቷ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፊደል ስላልቆጠረም የመጣለትን ወረቀት ሁሉ የምታነብለት እሷ ነበረች። ኩዌት ከመጣችም በኋላ ፎቶ እያነሳ ይልክላታል፤ ከእሷ ሌላ አያምንም። የዛሬ ዘጠኝ ቀን የሚልኪያስን ወረቀት ሲልክላት ከጓደኞቿ ጋር ቻት ላይ ነበረች። ፎቶውን እንኳ ሳትከፍት «እንደ አምናው ነው» ብላ በድምፅ ላከችለት። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እናቷ ፊቷን አይታ ገባት። «አላነበብሽውም እንዴ?»

ሩሀማ አንገቷን ደፋች። ራሷን ጠላች።

«ስሚኝ። ፎቶውን አጥፊው፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«እማ፣ ሰውየው ሊሞት ነው እኮ!»

«አንዳርጌ እጁ ከአፉ ይቀድማል። ይኼን ጥርሴን ማን ያወለቀው ይመስልሻል? ለክረምት አገር ስትገቢ የማን ቤት ነው የምታርፊው?» ርብቃ የልጇን አንጓ ጨምቃ ያዘች። ቁጣ ይመስላል እንጂ ፍርሃት ነው።

ሩሀማ ፎቶውን በሌላ እጇ ከፈተችው። ጽሑፉ ጉልህ ነው፤ ሚልኪያስ ማንም እንዲያነበው ተጠንቅቆ ነው የጻፈው። አነበበችው፤ ቶሎ ደግማ አነበበችው። ከዚያ እጇን መንጭቃ አስለቀቀችና ደወለች።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው። ሁሉም ይስማ።»

ጩኸት፣ የእግር ኮቴ፣ የሆነ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ የአጎቷ ከባድ ትንፋሽ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ። ወረቀቱን ላንብብልዎ።»

«አንብበሽልኝ የለም እንዴ!»

«አላነበብኩትም። ዋሽቼዎት ነው።»

እናቷ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ሩሀማ ፎቶውን አጉልታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«‹ለአንድ መርጫ ውሃ ሁለት ክዳን ብቻ›» ብላ ጀመረች። «‹ይህ ካምናው መድኃኒት ይበረታል። በአምናው ልክ ከተረጨ ሰብሉን ያቃጥላል።›»

ከወዲያ «ስሙ፣ ስሙ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አጎቷ ምን እንደሚላት አላወቀችም። እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ማንበቧን ቀጠለች።