ሞልቶ የሚመለሰው ሳህን

በግራ በኩል የነበረው የሩዝ ሳህን ባዶ ነበር። መርማሪ ፒዮ ጠዋት አስከሬኑ አጠገብ ቆማ አይታዋለች። ስህተቱ የገባት ግን ዮንህዋ በካቴና ከተወሰደች፣ የስድስት ዓመት ልጇ ቦራምም የፖሊሱን መኪና ተከትላ እስከ ወደቡ ከሮጠች በኋላ ነው።

ሟቹ የጀልባ ባለቤቱ አዛውንት ሜንግ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎናቸው ዝሏል። ዛሬ ቁርሳቸው ፊት ተደፍተው ሞቱ። ሐኪሙ የተባይ መርዝ ነው አለ፤ የመርዙ ቅሪትም በባዶው ሳህን ተገኘ። ሩዙን ያበሰለችው ደግሞ የታናሽ ልጃቸው ሚስት፣ ባሏን ባሕር የወሰደባት ዮንህዋ ናት። ነገ ለዐቃቤ ሕግ ትተላለፋለች። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማታል? ልጅቷንስ ማን ያሳድጋታል?

ፒዮ ወደ ሟቹ ቤት ተመለሰች። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ በሩን አይዘጉም?»

«ታላቁ ልጄ ዋና ከተማ ከገባ ጀምሮ ቆልፌው አላውቅም» አሉ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ባንግ። «ሳይታሰብ ከመጣ ደጅ እንዳይቀር ብዬ። ዛሬ ማለዳም በዚሁ ገባ።»

ፒዮ አስከሬኑን ገልጣ አየች። ቀኝ ጉንጫቸው ልስልስ ብሎ ተላጭቷል፤ ግራው ጢም አብቅሏል።

«ማነው የላጫቸው?»

«ራሱ ነዋ። ግማሹን ይላጭና ጨረስኩ ይላል። ያኔ ሊያጨኝ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ ቢሆን ኖሮ በጓሮ በር እሮጥ ነበር።» ሊስቁ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። «ምግቡም እንደዚያው ነው። ዓይኑ ደህና ነው፤ በግራው ያለውን ግን እንደሌለ ይቆጥረዋል።»

«ታዲያ ሩዙን ለምን በቀኝ አታደርጉላቸውም?»

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ሩዝ በቀኝ፣ ሾርባ በግራ የሚቀርበው ለሙት ነው። በቁሙ የሙት ማዕድ ላቅርብለት? ዮንህዋ ስንት ጊዜ ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። ስለዚህ ሾርባው ውስጥ ሩዝ ትጨምርለታለች። የግራው ሳህን ለወግ ነው፤ ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል።»

«ሲመለስስ?»

«እሷና ቦራም ይበሉታል።»

ፒዮ የራሷ ልጅ ትዝ አለቻት።

ታላቁ ልጅ ቴግዩ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አባቱ ከታመሙ ወዲህ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቁርስ ሲበሉ አብረዋቸው ነበሩ?»

«ክፍላቸው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ፊት ለፊታቸው። ያመጣሁላቸውን የዕፅዋት መድኃኒት በእጃቸው ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። ከዚያ ሩዙን ጥርግ አድርገው በሉት፣ ዓይኔ እያየ። ያቺ ሴት ከመጣች ወዲህ ይህ ቤት ሰላም የለውም።»

«ሕመማቸው እንዴት ነበር?»

«እጃቸው ብቻ ነው የዛለው። በስልክ እንደ ድሮው ይሰድቡኝ ነበር።»

ፒዮ በቤቱ ዙሪያ ዞረች። በሟቹ ክፍል መስኮት ሥር ነጭ ሩዝ ተበትኗል፤ አጠገቡ ሁለት ድንቢጦች ሞተዋል።

አመሻሹ ላይ ዮንህዋን ከነካቴናዋ አስመጣቻት። ቦራም የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ተለጠፈችባት። ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጡ ፒዮ ሁለት ጡጫዎቿን ገጥማ አሳየቻቸው።

«አንጎል እንዲህ ሁለት ንፍቅ ነው፤ መሐሉን የነርቭ ድልድይ ያገናኘዋል። ግራው ንፍቅ ቀኝ እጅን ያዛል፤ በአብዛኛው ሰው ንግግርም ያለው እዚያ ነው። ቀኙ ግራ እጅን ያዛል፤ በግራችን ያለውን ነገር የሚያስተውልልንም እሱ ነው። አዛውንቱ የተጎዳባቸው ቀኙ ነው። አንደበታቸው ስላልተነካ በስልክ የሰማቸው ሰው ደህና ናቸው ይላል። በግራቸው ያለው ዓለም ግን ጠፍቶባቸዋል።»

«ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?» አለ ቴግዩ።

«ሐኪማቸውን ጠይቄ ነው። የግራውን ሳህን ሊበሉት አይችሉም። እዚህ ቤት የሚኖር ሁሉ ሞልቶ እንደሚመለስ ያውቃል። ባዶ ሳህን ለማስረጃ የሚያዘጋጀው ይህን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዮንህዋ ሩዙን ብትመርዘው የምትገድለው ራሷንና ልጇን ነው። እርስዎ ግን ሲበሉት አየሁ አሉኝ። መርዙን በመድኃኒቱ ሰጧቸው፤ የተረፈውን ሩዙ ላይ አፍስሰው በመስኮት ደፉት። ድንቢጦቹ እዚያው ወድቀዋል።»

ቴግዩ እናቱን አየ። «አባቴ ጀልባዎቹን ለዮንህዋ ሊሰጡ ነበር። የበኩር ልጃቸው እኔ ነኝ።»

«ሩዙን ባትደፋው ኖሮስ?» አሉ ወይዘሮ ባንግ። «ይቺ ሕፃን ትበላው ነበር።»

«እሱን አላወቅኩም።»

«ከየት ታውቃለህ። መጥተህ አይተህ ነው?»

ካቴናው ከዮንህዋ እጅ ወልቆ በቴግዩ እጅ ገባ። ፒዮ ዮንህዋን ቀና ብላ ማየት ከበዳት። «ጠዋት ማስተዋል ነበረብኝ» አለች። ዮንህዋ የልጇን ፀጉር ትዳስስ ነበር።

መኪናው ሲርቅ ወይዘሮ ባንግ ለባላቸው ማዕድ አቀረቡ። ሩዙን በቀኝ፣ ሾርባውን በግራ አደረጉ። ጥቂት ቆመው አዩት።

ከዚያ ወደ ግቢው በር ወጡ። የዛገው መቀርቀሪያ አልንቀሳቀስ አላቸው። ዮንህዋ መጥታ እጇን በእጃቸው ላይ አድርጋ ገፋች፤ በሩም ተቆለፈ።